ቦርሳ አዝለን ውጭ አገር ወጥተን አየሩ ቢከፋስ? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ቅዳሜ ቅዳሜ ከሱሉልታ፣ ከቡራዩ፣ ከሰበታና ከለገጣፎ እየተጠራራን ወጨጫን፣ እንጦጦንና የረርን የምንወጣ ሰዎች አለን። አንዳንዱ ቦርሳውን አዝሎ ኬንያ ደርሶ መጥቷል። አንዳንዱ ኪሊማንጃሮን፣ ኔፓልን ወይም ቬትናምን እያሰበ ብር ያጠራቅማል። ከተራራ ወርደን ሻይ ስንጠጣ የሚነሳው ጥያቄ ግን ያው ነው፦ እዚያ ከደረስኩ በኋላ ጎርፍ ወይም ማዕበል ቢመጣስ? በቴሌግራምም ይኸው ይመጣል። ስለዚህ መልሱን አንድ ቦታ ሰብስቤዋለሁ።

አንድ ነገር ግን አስቀድሜ ልበል። በዚህ ጉዳይ የምናነበው ምክር አብዛኛው የተጻፈው ለሌላ ፓስፖርት ነው። «አትጨነቅ፣ በሚቀጥለው በረራ በሌላ አገር በኩል ውጣ» ይላል። የኢትዮጵያ ፓስፖርት ለያዘ ሰው እንዲህ ቀላል አይደለም። ዝናቡ መንገደኛውን ሁሉ እኩል ያበሰብሳል፤ ከዝናቡ በኋላ የሚከተለው ጣጣ ግን እንደየፓስፖርቱ ነው። ስለ ድንኳን ከማወራው ይልቅ ስለ ቪዛና ትራንዚት የማወራው የበዛው ለዚህ ነው።

በየትኛው ወር ወዴት ብሄድ ይሻላል?

መጀመሪያ የነሱን ክረምት ከእኛ ክረምት ጋር አስተያዩ። የኔፓል ዝናብ ከእኛው ጋር አብሮ ይገባል፣ አብሮ ይወጣል፦ ከሰኔ እስከ መስከረም። ስለዚህ «ትምህርት ሲዘጋ እሄዳለሁ» የሚል መምህር ኔፓልን ይተወው። እዚያ ደጉ ጊዜ ጥቅምትና ኅዳር ነው። ኪሊማንጃሮና የኬንያ ተራራ ላይ ረጅሙ ዝናብ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ነው፤ አጭሩ ደግሞ ኅዳር አካባቢ ይመጣል። እኛ ሐምሌና ነሐሴ ጭቃ ስንረግጥ እነሱ ዘንድ ደረቅ ነው። ለመምህር የሚመቸው ይኼኛው ነው።

ታይላንድ ላይ ትንሽ ብልጠት አለ። የፉኬትና የክራቢ ወገን ከግንቦት እስከ ጥቅምት ይዘንብበታል። በሌላኛው ባሕር ያለው ኮ ሳሙይ ግን ከባዱ ዝናቡ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ነው። አንዱ ሲበላሽ በአውቶቡስና በጀልባ ወደ ሌላው መሻገር ይቻላል። ፊሊፒንስና ሰሜን ቬትናም የታይፎን (ከባሕር የሚነሳ ከባድ አውሎ ነፋስ) አገር ናቸው፤ በተለይ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት።

ወር መምረጥ ግን ዋስትና አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ2014 ኦክቶበር፣ ያ ደግ በተባለው ወር መሃል፣ ሁድሁድ የሚባል ሳይክሎን ከቤንጋል ባሕረ ሰላጤ ተነሳ። የሕንድን ዳርቻ መታና ቀሪው ጉልበቱ ኔፓል ድረስ በረዶ ይዞ ገባ። በአናፑርና ዙሪያ፣ 5,416 ሜትር ላይ ባለው የቶሮንግ ላ መተላለፊያ ተጓዦችና መንገድ መሪዎች ተያዙ። ከ40 በላይ ሰው ሞተ። ማዕበሉ ሕንድን የመታው ከሁለት ቀን በፊት ነበር፤ ዜናው በዓለም ሁሉ ተሰምቷል። ተራራው ላይ የነበሩት ብዙዎቹ ግን አልሰሙም።

ታዲያ ትንበያውን ከየት ልስማ?

እያንዳንዱ አገር የራሱ የሜትሮሎጂ መሥሪያ ቤት አለው፤ እኛ የኢትዮጵያ ሜትሮሎጂ ኢንስቲትዩት እንዳለን ማለት ነው። ማስጠንቀቂያ የሚያወጣው እሱ ስለሆነ ገጹን ከመነሳታችሁ በፊት ስልካችሁ ላይ አስቀምጡ። ስልክ ላይ የምናያት ፀሐይና ደመና የተሳለባት አፕ የምትነግራችሁ ብዙውን ጊዜ ስለ ከተማው ነው እንጂ ከከተማው ሁለት ሺህ ሜትር ከፍ ብሎ ስላለው መተላለፊያ አይደለም።

ማታ ማታ ያደራችሁበትን ሎጅ ባለቤት ጠይቁ። ከላይ የወረዱትንም ጠይቁ። ኔትወርክ በሌለበት መንገድ ዋናው የዜና ምንጭ ከወዲያ የሚመጣ ሰው ነው።

ሰዓትም አለ። የማዕበል መረጃ ብዙ ጊዜ የሚወጣው በዩቲሲ፣ ማለትም በዓለም አቀፉ መለኪያ ሰዓት ነው። ቤት ሆኖ ለሚከታተል ሰው ወደ እኛ ሰዓት አቆጣጠር ለመለወጥ ሂሳቡ ቀላል ነው፤ ሦስት መቀነስ። 12 ዩቲሲ ማለት እኛ ዘንድ ከቀኑ 9 ሰዓት ነው። መንገደኛው ግን ከቦሌ ከተነሳ በኋላ በእኛ ሰዓት ማሰቡን ይተው። «የመጨረሻው ጀልባ 7 ሰዓት ላይ ይነሳል» ሲባል ጠዋት አንድ ሰዓት መሆኑን ዘንግቶ በምሳ ሰዓት ወደብ መገኘት አለ። ማዕበል በሚጠበቅበት ቀን ደግሞ ሌላ ጀልባ አይመጣም።

ዝናብ ብቻ መሆኑንና ጉዞ የሚያስቀር መሆኑን በምን ልለይ?

ዝናብ ብቻውን ጉዞ አያስቀርም። እንደዚያ ቢሆን ሱሉልታ ውስጥ ክረምቱን ሙሉ ከቤት የሚወጣ ሰው ባልኖረ። የሚያስቀሩት ወራጅ ውሃ፣ መብረቅና የራሰ ተዳፋት ናቸው።

ወራጅ ውሃ ከቁርጭምጭሚት ትንሽ አለፍ ሲል፣ ማለትም 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ሲሆን፣ ፍጥነት ካለው ሰው ይጥላል። 60 ሴንቲ ሜትር ሲደርስ አብዛኛውን መኪና ያንሳፍፋል። መሻገር ግድ ከሆነ የቦርሳውን የወገብና የደረት ማሰሪያ ፍቱ። ከወደቃችሁ ቦርሳው ይሂድ።

ወንዝ ዳር ድንኳን አትትከሉ፤ ሰማዩ ጥርት ቢልም። ውሃው የሚመጣው ከላይ ነው። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ድሬዳዋ ላይ ደቻቱ ያደረገውን የሚያስታውስ ሰው ይህን ማስረዳት አያስፈልገውም። ዝናቡ የጣለው ደጋው ላይ፣ ጎርፉ የመጣው በሌሊት፣ ያለቀው የከተማው ሰው። ኬንያም እ.ኤ.አ. በ2024 ሜይ መጀመሪያ ታሌክ ወንዝ ሞልቶ ማሳይ ማራ ውስጥ ያሉ ካምፖችን አጥለቀለቀ፤ ቱሪስቶች በሄሊኮፕተር ወጡ።

መብረቅ ሲሆን ቁጠሩ። ብልጭታውን አይታችሁ ድምፁ እስኪሰማ ያለውን ሴኮንድ ለሦስት ስታካፍሉት ርቀቱ በኪሎ ሜትር ይወጣል። ከ30 ሴኮንድ በታች ከሆነ ከጫፍ ላይ ውረዱ፣ ከብቸኛ ዛፍም ራቁ። መጨረሻ ከተሰማው ነጎድጓድ በኋላ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ወደ ላይ አትመለሱ።

ሦስተኛው ነው ብዙ ሰው የሚያሞኘው። ማዕበሉ አለፈ፣ ፀሐይ ወጣች፣ ቦርሳ ታዘለ። ታይፎን ያጊ ሰሜን ቬትናምን የመታው እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 7 ቀን 2024 ነበር። ተጓዦች የሚወዷት ሳ ፓ ባለችበት በላዎ ካይ ግዛት ግን መንደር የቀበረው ናዳ የወረደው ከዚያ ከቀናት በኋላ ነው። አፈሩ ውሃ ጠጥቶ ከብዷል፤ ተዳፋቱ የሚለቀው ያኔ ነው። ስለዚህ ከማዕበል በኋላ ወደ ተራራ ለመመለስ የሰማዩን መጥራት ሳይሆን የአካባቢውን አስተዳደር ፈቃድ ጠብቁ። ሜዳ ላይ ያለ ከተማ ውስጥ ሁለት ሦስት ቀን ማሳለፍ አይጎዳም።

ስንት ትርፍ ቀን ልያዝ?

በሳምንት አንድ ባዶ ቀን። ከመመለሻው በረራ በፊት ደግሞ ሁለት ወይም ሦስት።

ኔፓል ውስጥ ያለችውን የሉክላ አውሮፕላን ማረፊያ እዩ። ወደ ኤቨረስት የሚኬደው ከእሷ ተነስቶ ነው። 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ማኮብኮቢያዋ 527 ሜትር ብቻ ነው፤ አንዱ ጫፍ ገደል፣ ሌላው ጫፍ ተራራ። አብራሪው በዓይኑ እያየ ስለሚያርፍ ደመና ከተኛ በረራ የለም። ቀናት ተከታትሎ መዘጋት እዚያ የተለመደ ነው። ከሉክላ በወጡ ማግስት ካትማንዱ ላይ የአገር ቤት በረራ የያዘ ሰው ትኬቱን ለደመናው አስረክቧል።

እና ዋናው ነገር፦ ትርፉ ቀን ቪዛው ውስጥ ይግባ። ቪዛ ስትጠይቁ የእግር ጉዞውን ቀን ብቻ ቆጥራችሁ አትጻፉ። ሆቴሉንም በረራውንም በዚያው ልክ አስረዝሙት። ማመልከቻው ላይ 14 ቀን ብሎ ጽፎ 14 ቀን ያገኘ ሰው አንድ ቀን ዝናብ ከያዘው ሕገ ወጥ ሆነ ማለት ነው።

በረራዬ በአየር ምክንያት ተሰረዘ። ምን ይገባኛል?

በአብዛኛው ወይ ሌላ በረራ ወይ ገንዘባችሁ። ካሳ ግን አትጠብቁ፤ ማዕበል የአየር መንገዱ ጥፋት አይደለም።

ከአውሮፓ ኅብረት አገር የሚነሳ በረራ ከሆነ ሕጉ ጠንከር ይላል። አየሩ ስለሆነ ካሳ አይከፈልም፤ ግን እስክትነሱ ድረስ ምግብ፣ ማደር ካለም ሆቴል የአየር መንገዱ ግዴታ ነው። ይህ መብት በፓስፖርት አይለይም። የኛ ሰው ሳይጠይቅ ወንበር ላይ አድሮ ይመጣል። ጠይቁ! አልሰጥም ካሉ በራሳችሁ ከፍላችሁ ደረሰኙን ያዙ።

አንድ የሚያቃጥል ነገር አለ። ርካሽ ለማግኘት ሁለት ትኬት ለየብቻ ከገዛችሁ፣ የመጀመሪያው ዘግይቶ ሁለተኛው ቢያመልጣችሁ ሁለተኛው አየር መንገድ ምንም ዕዳ የለበትም። «እንዳልመጣ» ቆጥሮ ትኬቱን ይዘጋዋል። በአንድ ትኬት የተያያዘ በረራ ግን እስከ መጨረሻው የማድረስ ኃላፊነት አለበት። በዝናብ ወር ለየብቻ መግዛት ካለባችሁ በመሃሉ አንድ ሌሊት አስገቡ።

አየር መንገዱ «በሌላ አገር በኩል ላሳልፍህ» አለኝ። እሺ ልበል?

ቪዛውን ሳታዩ እሺ አትበሉ።

ኢትዮጵያውያን በሸንገን አገር (በአንድ ቪዛ ከሚገባባቸው የአውሮፓ አገሮች በአንዱ) አውሮፕላን ማረፊያ በኩል ለማለፍ ብቻ፣ ከበር ሳይወጡ እንኳን፣ የትራንዚት ቪዛ ከሚጠየቁት ውስጥ ነን። እንግሊዝም እንዲሁ ናት። ከጎናችሁ የተሰለፈው የብራዚል ልጅ በፍራንክፈርት በኩል ትኬት ተቀይሮለት እየሳቀ ይሄዳል። እናንተ ያንኑ ትኬት ይዛችሁ የመሳፈሪያው በር ላይ ትመለሳላችሁ። የአሮጌው በረራ መቀመጫ ደግሞ ተለቋል።

የዴስኩ ሠራተኛ ክፋት የለባትም፤ ሦስት መቶ ሰው ተሰልፎባት ኮምፒውተሩ ያመጣላትን ነው የምትሰጠው። ስለዚህ ተራችሁ ሲደርስ ቀድማችሁ እናንተ ተናገሩ፦ «የኢትዮጵያ ፓስፖርት ነው የያዝኩት፤ ያለ ቪዛ ማለፍ በምችልበት በኩል ፈልጊልኝ።» ከቤት ሳትወጡ ሁለት ሦስት የምታልፉባቸው ከተሞች በወረቀት ጽፋችሁ ያዙ። የአሜሪካ ወይም የካናዳ የጸና ቪዛ ያለው ሰው በሸንገን በኩል የተለየ አያያዝ ሊኖረው ይችላልና ያንን አብሮ ያሳይ።

ከበር መውጣት ሌላ ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 16 ቀን 2024 ዱባይ ላይ በ75 ዓመት መዝገብ ያልታየ ዝናብ ጣለና ማኮብኮቢያው ሐይቅ መሰለ። ከሺህ በላይ በረራ ተሰረዘ፤ ሕዝቡ ወለል ላይ ተኛ። እንዲህ ሲሆን ሆቴል ቢሰጣችሁም የመግቢያ ቪዛ ከሌላችሁ ከበር አትወጡም። በእጅ በምትይዙት ቦርሳ ውስጥ የአንድ ቀን ልብስ፣ መድኃኒት፣ የጥርስ ብሩሽና ቻርጀር ይኑር። ፎጣ የሚያህል ነጠላም ካለ ይጠቅማል።

መንገዱ ተዘግቶ ቪዛዬ ሊያልቅ ነው።

ሳያልቅ ተንቀሳቀሱ። ካለቀ በኋላ «ጎርፍ ይዞኝ ነው» ማለትና ሳያልቅ ማለት ሰማይና ምድር ነው።

ሸንገን ውስጥ ከሆናችሁ ሕጉ ራሱ መላ አለው። ከአቅም በላይ በሆነ ምክንያት መውጣት ያልቻለ ሰው ቪዛው ይራዘምለታል፤ በዚህ ምክንያት ሲሆን ክፍያ የለውም። የበረራውን ስረዛ ማስረጃ ይዛችሁ ለውጭ ዜጎች ፖሊስ ወይም ለስደተኞች ጉዳይ ቢሮ ማመልከት ነው። ታይላንድ ኢሚግሬሽን ቢሮ ሄዶ ማስራዘም ይቻላል። ያለፈበት ሰው ሲወጣ በቀን 500 ባት ይቀጣል፤ ጣሪያው 20,000 ባት ነው። ራሳችሁ ኤርፖርት ላይ ስትከፍሉና ፖሊስ መንገድ ላይ ሲይዛችሁ ግን አንድ አይደለም፤ ሁለተኛው እስርና ወደ አገሩ ዳግም እንዳይገቡ መታገድ ያስከትላል።

ኔፓል ከሌሎቹ ትለያለች። ሌላው ዓለም ካትማንዱ ሲደርስ የሚያገኘውን ቪዛ እኛ አናገኝም፤ አስቀድመን ከኤምባሲ መያዝ አለብን። ማራዘሚያ የሚሰጡት ቢሮዎች ደግሞ ካትማንዱና ፖክራ ናቸው። ተራራ ላይ በረዶ የያዘው ሰው ሄዶ አይጠይቅም። ስለ ትርፍ ቀን ያሰለቸኋችሁ ለዚህ ነው።

ማስረጃ ሰብስቡ። የተሰረዘውን በረራ የሚያሳየውን ቦርድ ፎቶ አንሱ። የአየር መንገዱን ኢሜይል አስቀምጡ። መንገድ የተዘጋ ከሆነ የአካባቢውን ፖሊስ ወይም የፓርኩን ቢሮ አንዲት ማኅተም ያለባት ወረቀት ለምኑ። ማኅተም በየትኛውም አገር ይከበራል።

ወደ ጎረቤት አገር ተሻግሬ ብቆይስ?

ቪዛችሁ የአንድ ጊዜ መግቢያ ከሆነ ወጣችሁ ማለት አለቀ ማለት ነው። መመለሻ በረራችሁ ከዚያው አገር ከሆነ ከባድ ጣጣ ነው። ኬንያ ለእኛ ያለ ቪዛ የምትገባ አገር ስለሆነች ለመጀመሪያ ጉዞ የምመክራት ለዚህም ጭምር ነው፤ ዕቅድ ሲበላሽ የሚነጥቃችሁ ቪዛ የለም።

ኢንሹራንስ ገዝቻለሁ፤ አይበቃም?

የትኛውን? ለሸንገን ቪዛ ተብሎ የሚገዛው 30,000 ዩሮ የሚሸፍነው የሕክምና ኢንሹራንስ ነው። ሆስፒታል ከገባችሁ ይከፍላል። ጎርፍ ስላስቀረባችሁ የሆቴል ቀብድ ግድ ላይሰጠው ይችላል። የጉዞ መቋረጥን ይሸፍን እንደሆነ ለይታችሁ ጠይቁ።

ሁለተኛ ጥያቄ ከፍታ ነው። ብዙ ውል በእግር መውጣትን የሚሸፍነው እስከተወሰነ ሜትር ነው፤ 3,000 ላይ የሚያቆም አለ። ወጨጫ ራሱ 3,385 ሜትር ነው! ኪሊማንጃሮ 5,895 ነው። ተጨማሪ ተከፍሎ ከፍ ይደረጋል፤ ሄሊኮፕተርም መኖሩን በጽሑፍ አስገቡ።

ሦስተኛ፣ ማዕበሉ ስም ወጥቶለት ዜና ላይ ከቀረበ በኋላ የተገዛ ኢንሹራንስ ያንን ማዕበል አይሸፍንም። ትኬት የገዛችሁ ዕለት ግዙት።

ገንዘብስ?

መብራት ሲጠፋ ካርድም ኤቲኤምም አብረው ይጠፋሉ። የጥቂት ቀን ማደሪያና ምግብ የሚሸፍን ዶላር በጥሬው ይኑር፤ ከዋናው ገንዘብ ተለይቶ፣ በላስቲክ ተጠቅልሎ። ምሥራቅ አፍሪካ ውስጥ ከ2006 እ.ኤ.አ. በፊት የታተመ ዶላር የማይቀበል ብዙ ስለሆነ ባንክ ላይ ስትረከቡ ዓመቱን እያያችሁ ተቀበሉ። ገንዘብ ያዡ ቢገላምጥም።

ባንካችሁ የሚልከው የማረጋገጫ ቁጥር የሚመጣው በአገር ቤቱ ሲም ነው። ሮሚንግ (ሲሙ ውጭ አገርም እንዲሠራ የሚያደርገው አገልግሎት) ሳይከፈት ከወጣችሁ ካርዱ እጃችሁ ላይ እያለ መክፈል ያቅታችኋል።

ጋቢ ይዤ ልሂድ?

ለሻይ ሰዓት አዎ፣ ለተራራ አይ። ጥጥ ውሃ ከጠጣ ከሰውነት ሙቀት ይመጥጣል፤ ጂንስም ያው ነው። ብርድ ሰው የሚገድለው ዜሮ ዲግሪ ላይ ብቻ አይደለም። ስምንትና አሥር ዲግሪ ላይ የረጠበ ልብስና ንፋስ ከተገናኙ ይበቃሉ። ከውስጥ ቶሎ የሚደርቅ ቲሸርት፣ ከላዩ የሱፍ ሹራብ፣ ከሁሉ በላይ ውሃ የማያስገባ ጃኬት።

ቦርሳችሁን ለመፈተን ወጨጫን የመሰለ የለም። ሐምሌ ላይ በመናገሻ ሱባ ጫካ በኩል ውጡ። ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ይመጣል፤ አያሳፍራችሁም። ዋልካው ጫማ ሥር እየተደራረበ እግራችሁ እንዴት እንደሚከብድ ታያላችሁ። ጥዱ ሥር ቆማችሁ ቦርሳውን ክፈቱት። ከላይ የለበሰው ሬይን ከቨር ፊቱን ይሸፍናል እንጂ ውሃው በጀርባችሁ በኩል፣ በትከሻ ማንገቻው ሥር ወርዶ ከታች ይጠራቀማል። የመኝታ ቦርሳችሁ ያለው ደግሞ እዚያው ታች ነው። መፍትሔው ርካሽ ነው። ወፍራም ትልቅ ላስቲክ ከውስጥ አልብሱት፣ ዕቃውን እሱ ውስጥ ክተቱ፣ አፉን ጠምዝዛችሁ አጥፉት። ፓስፖርትና ስልክ በየራሳቸው ፌስታል። ከመርካቶ በጥቂት ብር የሚገዛው ላስቲክ በውድ የተገዛውን ሬይን ከቨር ያስንቃል።

ሁለት ቀን በዝናብ ከሰርኩ። ፈጠን ብዬ ላካክሰው?

ከ3,000 ሜትር በላይ ከሆናችሁ በፍጹም። መጥፎ አየር ሰው የሚጎዳበት አንዱ መንገድ ይህ ነው፤ በዝናቡ ሳይሆን በችኮላው። ከዚያ ከፍታ በላይ የምታድሩበት ቦታ ከትናንቱ ከ500 ሜትር በላይ እንዳይበልጥ፣ በየሦስት አራት ቀኑም አንድ ቀን እንድታርፉ ይመከራል። ቀን የከሰረ ሰው መጀመሪያ የሚሰርዘው የዕረፍቱን ቀን ነው። ከዚያ ራስ ምታት፣ ማስታወክ፣ መንገዳገድ። መንገዳገድ ከመጣ ወደ ታች ነው፤ በሌሊትም ቢሆን።

«እኛ የደጋ ሰዎች ነን» የምትል ኩራት አለች። ትንሽ እውነት አላት፤ ከ2,300 ሜትር በላይ የሚኖር ሰው ከባሕር ዳር ከመጣው ይሻላል። ግን ሁለት ሳምንት ታይላንድ አሸዋ ላይ ተኝቶ ወደ ኔፓል የሄደ የሱሉልታ ልጅ ያን ጥቅሙን አብዛኛውን ባሕሩ ላይ ትቶት ነው የሚሄደው። ብርዱም አለ፤ በየሺህ ሜትሩ ወደ ስድስት ዲግሪ ተኩል ይቀንሳል። የኬንያ ተራራው ሌናና ጫፍ 4,985 ሜትር ስለሆነ ከአዲስ አበባ አየር 17 ዲግሪ ገደማ ዝቅ አድርጋችሁ አስቡት።

ልጄ ቬትናም ሄዳለች። ዜና ላይ ጎርፍ አየሁ፤ ስልኳም አይነሳም። ምን ላድርግ?

እናቴ፣ መጀመሪያ ጎርፉ የቱ ጋ እንደሆነ ያጣሩ። ቬትናም ከጫፍ እስከ ጫፍ ከ1,600 ኪሎ ሜትር በላይ ትረዝማለች፤ ከሞያሌ እስከ አክሱም በቀጥታ ካለው ይበልጣል። ሃኖይ ጎርፍ ገባ ማለት ሆ ቺ ሚን ከተማ ያለችው ልጅዎ ጎርፍ ውስጥ ናት ማለት አይደለም። ስልክ አለመነሳቱም ብዙ ጊዜ መብራት ጠፍቶ የኔትወርክ ማማው ስለቆመ ነው። ደጋግመው ከመደወል አንድ አጭር መልእክት ይላኩላት፤ ኔትወርኩ ለአፍታ ሲመለስ ቀድሞ የሚገባው እሱ ነው። ያደረችበትን ሆስቴል ስም ካወቁ እዚያ ይደውሉ። አንድ ቀን ሙሉ ከጠፋች በአቅራቢያው ላለው የኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ለውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር የፓስፖርት ቁጥሯን ይዘው ያሳውቁ።

ለልጆቹ ደግሞ፦ የፓስፖርት ኮፒና የማደሪያችሁን ዝርዝር ቤት ትታችሁ ሂዱ። በየአገሩ ኤምባሲ የለንም፤ የቅርቡ የት እንዳለ ቀድማችሁ እወቁ። «ማክሰኞ ማታ እደውላለሁ» ካላችሁ ደውሉ። እናት የምትቆጥረው በሰዓት ነው።

ክረምት ላይ ከሱሉልታ ቦሌ መድረስ ራሱ አይከብድም?

ይከብዳል። የሌሊት በረራ ከሆነ እንጦጦ ቁልቁለቱ ላይ ጉም አለ፣ ከታች መንገዱ ላይ የተኛ ውሃ አለ፣ የጠራችሁት ታክሲ ደግሞ «ዝናብ ነው» ብሎ ሊሰርዝ ይችላል። በጊዜ ወርዳችሁ ከተማ ያለ ዘመድ ቤት ራት ብሉ።

ሆስቴል ውስጥ ሦስት ቀን ተዘጋሁ። ምን ልሥራ?

ከተማው ውስጥ ውሃ ካልገባ ውጡ። ፖክራ ከሆናችሁ የተራሮች ሙዚየም አለ፤ ካትማንዱ ከሆናችሁ ፓታንና ባክታፑር በአጭር ርቀት ናቸው፤ ናይሮቢ ከሆናችሁ ብሔራዊ ሙዚየሙ ግማሽ ቀን ይወስዳል። ቀሪዎቹን ማደሪያዎች በመልእክት አሳውቁ። ቀድሞ የተነገረው ባለቤት ብዙ ጊዜ ቀን ይቀይርላችኋል፤ ዝም ብላችሁ ከቀራችሁ ግን ቀብዱን ይበላዋል። ፓወር ባንኩን መብራት ባለ ቁጥር ሙሉት። ድንኳኑን ደግሞ ደረጃው ላይም ቢሆን ዘርግታችሁ አድርቁት፤ እርጥብ ሆኖ ሁለት ቀን የተጠቀለለ ድንኳን ይሻግታል፣ ሽታውም አይለቅም።